ሳይዞር የማይነሳው ሾፌር

የገዛኸኝን መሞት የሰማሁት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው፤ ያውም በሾፌሩ ወንበር ላይ። የድሮ ወዳጆቼ ይህን ቢሰሙ ከእሱ ሞት እኩል የእኔ በዚያ ወንበር መገኘት ያስደነግጣቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እትዬ አልማዝን ኩላሊታቸውን የሚታጠቡበት ክሊኒክ አድርሼ፣ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ መስኮቱን ከፈት አድርጌ እጠብቃቸው ነበር። የገዛኸኝ ልጅ ሜሮን ኮል አደረገችልኝ።

"ጋሼ ታፈሰ፣ እየነዳህ ነው?" አለች መጀመሪያ።

ቆሜያለሁ አልኳት።

"አባዬ አረፈ" አለች።

ለሚነዳ ሰው መጥፎ ወሬ አይነገርም የሚለው የአባቷ ሕግ ነው። እንዲህ ባለ ቀን እንኳን አልዘነጋችውም። ተኝቶ ነበር፣ ቡና ልትሰጠው ስትገባ አልነቃም። እትዬ አልማዝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ሲወጡ ቤታቸው እስክንደርስ ላለመናገር ወሰንኩ፣ ደግፌ አስገባኋቸው። ከዚያ ሞተር ከማስነሳቴ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ዞርኩት። የመጀመሪያውን ዙር ምንም ሳላይ ስለጨረስኩት ደገምኩት። እትዬ አልማዝ በመስኮቱ እያዩኝ "ምን ጠፋብህ?" አሉኝ።

ገዛኸኝን ያወቅኩት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ጋሃና በምትባል ከተማ፣ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ግቢ ነው። ሰዎች መኪናቸውን እዚያ ትተው ይበራሉ፤ እሱ በሻትል አውቶቡስ ተርሚናል ያደርሳቸዋል፣ ሲመለሱም ይቀበላቸዋል። እኔ በሩ ላይ ባለች ጠባብ ኪዮስክ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። አገር ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ውቅያኖስ ተሻግሬም ከወረቀት አልራቅኩም። እሱ ግን ወጣትነቱን በአሰብ መስመር ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ሲነዳ የጨረሰ ሰው ነው። ኪዮስኬ ውስጥ የምትሽከረከር ወንበር ነበረችኝና "እኔ አገር ስዞር አንተ ወንበር ላይ ስትዞር ኖርክ" ይለኝ ነበር።

እውነቱን ነው። መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ ሃይዌይ ላይ ግን አልወጣም። በሃይዌይ አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀውን የሥራ መንገድ በውስጥ ለውስጥ አርባ ደቂቃ እነዳዋለሁ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና "የእኔ ባል መኪና ይዞ በእግሩ የሚሄድ ነው" እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

ገዛኸኝ አውቶቡሱን አንድ ዙር ሳይዞር ሞተር አያስነሳም። ዝናብ ይዝነብ፣ በረዶ ይውረድ፣ ተሳፋሪው አውሮፕላን ያምልጠው፣ ግድ የለውም። ከፊት መብራቱ ይጀምራል። እያንዳንዱን ጎማ በጫማው ጫፍ ነካ ያደርጋል፣ ከኋላ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል፣ የኋላውን በር በመዳፉ ቸብ አድርጎ በሌላው ጎን ይመለሳል። አንድ ጊዜ ከረባት ያሰረ ተሳፋሪ "ይሄ ሰውዬ አውቶቡሱን ሊገዛው ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸ። አቤቱታ ሲበዛ ማናጀሩ ጠራው፣ እኔን ለአስተርጓሚነት አስቀመጠኝ። መዞሩ ቀርቶ በሰዓቱ ይነሳ አለ። ገዛኸኝ እስኪጨርስ ሰማና "ዙሩን ከከለከለኝ ቁልፉን ይውሰድ፣ ንገረው" አለኝ። እኔ ፈሪ ነኝ፤ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤት ሞርጌጅ፣ ይሄ ሁሉ ያለበት ሰው ከሥራ ሲባረር ታየኝና "ከእንግዲህ ፈጠን እላለሁ ብሏል" ብዬ ተረጎምኩ። ማናጀሩ ደስ ብሎት እጁን ጨበጠው። በማግስቱ ገዛኸኝ ያንኑ ዙር፣ እንዲያውም ቀስ ብሎ ዞረ። ማናጀሩ ከመስኮቱ እኔን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ከአስተርጓሚነት ተሻርኩ።

ምክንያቱን የነገረኝ ከተዋወቅን ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በአሰብ መስመር ፀሐይዋ ሰው ስለምታቃጥል መንገደኛው የቆመ መኪና ሥር ገብቶ ጥላ ይይዛል። አንድ ቀን ሻይ ጠጥቶ ተመለሰና ሞተር አስነሳ፣ ሊነሳ ሲል ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ አንድ ጊዜ መታው። በእነሱ ሥራ አንድ ምት ቁም ነው፣ ሁለት ምት ሂድ። ቆመ። ወርዶ ሲያይ ከኋላ ጎማው ፊት አንድ ሽማግሌ አፋር ሽርጣቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተኝተዋል። ነቅተው "ምን አድርጌህ ቀሰቀስከኝ?" ብለው ተቆጡት። ይህን ሲነግረኝ ይስቃል፤ ሁለቱ እጆቹ ግን በሌለ መሪ ላይ ጥብቅ ብለው ነበር። "ረዳት ሁልጊዜ አይኖርም" አለኝ። "ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴ እዞራለሁ።"

አነጋገሩ ሁሉ ከመንገድ የመጣ ነበር። ከሁሉ የሚያዘወትረው "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚለውን ነው። የጫነ መኪና ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ከወጣ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ይወርዳል፤ በሦስተኛ ልውረድ ያለ ገደል ይገባል። ይህን ልጁን ለዳረም፣ ቤት ለገዛም፣ ጡረታ ለወጣም ይለዋል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሲለኝ "እኔ ማርሽ መቼ ቀይሬ አውቃለሁ?" ብዬው ነበር።

ጡረታ ከወጣ በኋላም መንዳት አላቆመም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እትዬ አልማዝን ክሊኒክ ያደርሳል፤ ዘመድ የላቸውም፣ እሱም አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም። እሑድ አሮጊቶችን ሰብስቦ ቤተ ክርስቲያን ያመጣል። አንድ ሰሞን እኔንም አብሬው እንድሄድ ይለምነኝ ጀመር። ብቻዬን ይደብረኛል፣ ና አጫውተኝ ይለኛል። በጣም ኮራሁ። ጨዋታዬ ያን ያህል ይጣፍጣል ማለት ነው ብዬ ከቁርስ በፊት የማወራውን እያዘጋጀሁ እሄድ ነበር። እሱ ግን ቀልዴ መሐል ላይ እያቋረጠ "በቀኝ ማን አለ?" ይለኛል። ዞር ብዬ አይና "በቀኝ ነፃ" እለዋለሁ። ከዚያ ቀልዱን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ነገሩ የገባኝ በሻይ ነው። ክሊኒኩ በር ላይ እትዬ አልማዝን እየጠበቅን ሻይ ገዝቼ መጣሁ። እሱ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል፤ በቀኙ በኩል ደርሼ ኩባያውን ትከሻው አጠገብ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። የተቆጣ መስሎኝ ቆምኩ። እሱ ፊት ለፊት ማየቱን ቀጠለ። ኩባያውን ቀስ እያልኩ ወደፊት ገፋሁት፤ አፍንጫው ፊት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ድንገት ብርግግ አለና "መጣህ እንዴ?" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሊደብቀኝ አልቻለም። ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ ነው። መሐሉ ይታየዋል፣ ዳር ዳሩ ጠፍቷል። "በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነኝ" አለኝ። ሐኪሙ መንዳት አቁም ብሎ ወረቀት ጽፎ ሰጥቶታል፤ ወረቀቱ መኪናው ኪስ ውስጥ፣ ከኢንሹራንሱ ሥር ተቀምጧል። ሜሮን አታውቅም። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቷ ለሁለት ዓመት ስኮትላንድ ልኳት ከልጇ ጋር ኤዲንብራ ነበረች። ነገርካት ማለት ጓደኝነታችን አበቃ አለኝ። እኔም መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ምስጢር ማስቀመጥ ለምጃለሁ፤ እሺ አልኩ። እሱ ፊቱን ካየ፣ እኔ ጎኑን ካየሁለት፣ ሁለት ሽማግሌ ተደምረን አንድ ደህና ሾፌር እንወጣለን ብዬ አሰብኩ። ከኋላ የሚቀመጡትን እትዬ አልማዝን ግን በዚህ ድምር ላይ ማንም አላማከራቸውም።

ሜሮን በበጋው ኤዲንብራ እንድንመጣ ጠራችን። ብቻውን አልሄድም ስላለ ለእኔም ትኬት ላከች፤ ለሰው የሚያዝን አባት አለኝ ብላ ተደስታ ነበር። እትዬ አልማዝን ለቤተ ክርስቲያን ሰው አደራ ሰጥተን ተነሳን። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያደርስበት የኖረውን ተርሚናል እጅጌዬን ይዞ ነው የተሻገረው።

እዚያ ከደረስን በሦስተኛው ቀን ለእኛ ብቻ አንድ መኪና ከነአስጎብኚው ተከራይታ የግማሽ ቀን ጉብኝት አዘጋጀች። አራት ሰዓት ሙሉ የስኮትላንድን ገጠር ልናይ ነው። ለገዛኸኝ የእይታ ጉብኝት! እኔ ሳቄን ልደብቅ ስል አስነጠሰኝ። እሱ "ደስ ይለኛል" አላት።

አስጎብኚው አላን የሚባል፣ ጺሙ ቀይ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ከወገቡ እስከ ጉልበቱ መስመር መስመር ያለው ጉርድ ለብሶ ሚኒቫኑ አጠገብ ቆሞ ጠበቀን። እኔ በአማርኛ አንድ ነገር ልል አፌን ስከፍት ገዛኸኝ ቀደመኝ። "ዝም በል ታፌ። አፋርም ሽርጥ ይለብሳል፤ ሽርጥ በለበሰ ሰው አይቀለድም" አለኝ። ከዚያ እንደልማዱ መኪናውን መዞር ጀመረ። አላን ግራ ገብቶት ሜሮንን አያት። ዙሩን ጨርሶ የፊቱን የቀኝ በር ሲከፍት መሪው ከፊቱ ተገተረ፤ እዚያ አገር ሾፌር በቀኝ ነው የሚቀመጠው። ሁላችንም ሳቅን። አላንም "ትነዳለህ እንዴ?" ብሎ ቁልፉን አሳየው። ገዛኸኝም ሳቀ፤ በሩን ግን ቶሎ አልለቀቀውም።

በግራ በኩል ከአላን ጎን ተቀመጠ፣ እኔ ከጀርባው፣ ሜሮንና ልጇ ሶስና ከእኔ ጎን። ሶስና ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ከከተማው ወጥተን ገና አረንጓዴውን ስናገኝ አላን ማስረዳት ጀመረ፤ እዚህ ጋ የፈረሰ ግንብ፣ እዚያ ጋ ሐይቅ፣ ወዲያ ማዶ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቁጥቋጦ የሸፈነው ኮረብታ። እኔ ወደ ገዛኸኝ ጆሮ ጠጋ እያልኩ በሹክሹክታ እደግማለሁ፦ ሐይቁ በግራህ ነው፣ በጎቹ በቀኝ፣ የድንጋዩ ካብ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። እሱ ቀስ ብሎ አንገቱን ያዞርና ቧንቧውን እዚያ ላይ ያነጣጥራል። ሜሮን የምናወራው ናፍቆት መስሏት "ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ሙሽራ ይንሾካሾካሉ" አለች።

ከዚያ ያንን ነገር አመጣችው። መስከረም ላይ ጠቅልላ ወደ ኮሎምበስ ትመለሳለች። አዲሱ ሥራዋ ከከተማው ወጣ ብሎ ግሮቭ ሲቲ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች። ሶስናን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት አያቷ ነው፤ ሌላ ሰው አላምንም፣ የልጅ መቀመጫውን ገዝቼ እልካለሁ፣ አንተ መኪናህ ላይ ታስረዋለህ አለችው። ሶስና ይህን ስትሰማ ከፊቷ ያለውን ወንበር በእግሯ እየመታች ደስታዋን ገለጸች።

"እሺ" አላት ገዛኸኝ።

ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ገዛኸኝ ፊት ለፊት እያየ "በቀኝ ምን አለ ታፌ?" አለኝ። በቀኙ ያለው መሪውን የያዘው አላን ነበር።

መንገዱ እየጠበበ ሄዶ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ሆነ። እዚያ አገር እንዲህ ያለው መንገድ በየጥቂቱ ለመተላለፊያ እያበጠ ይሄዳል፤ ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ እብጠቷ ላይ ይጠጋል። አላን ኮረብታው ላይ ያለውን የፈረሰ ግንብ ሊያሳየን አንድ የበጎች በር አጠገብ አቆመ። ዝናቡ አባርቷል። ወረድን። ሜሮን ካቡ ጋ ቆማ ፎቶ ታነሳለች። ሶስና ሣር እየነቀለች በአጥሩ ቀዳዳ ለበግ ታበላለች። እኔ በዕድሜዬ ምክንያት፣ ከካቡ ጀርባ የማይዘገይ ጉዳይ ነበረኝ።

እዚያ ሆኜ የሆነውን በጆሮዬ ነው የተከታተልኩት፤ የቀረውን ኋላ ነገሩኝ። ድርቆሽ የጫነ ትራክተር ከፊት መጣ። አላን ሮጦ ገባ፤ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። የኋላው ካሜራ በጭቃ ተሸፍኗል። ገዛኸኝ "እኔ እመልስሃለሁ" አለው፣ ድምፁ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ያልሰማሁት ነገር ነበረ። መጀመሪያ ግን ዙሩን ዞረ፤ ጎማውን በጫማው ሲነካ፣ የኋላውን በር ቸብ ሲያደርግ ሰማሁት። ከዚያ ከኋላ ቆሞ በእኛ አገር ወግ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ "ና፣ ና፣ ና" ይል ጀመር። ለአላን ይህ ምልክት ሂድልኝ ነው። ወደ ፊት ነዳ። ትራክተሩ ጥሩንባ ነፋ። ሜሮን እየሳቀች "አባዬ፣ ለእነሱ መዳፍህን ወደ ላይ ነው!" አለች። እሱም መዳፉን ገለበጠና "ና፣ ና" ብሎ ቀጠለ። እኔም ከካቡ ጀርባ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሱሪዬን እየቆለፍኩ ብቅ ስል መኪናው ወደ ኋላ ይመጣል። ገዛኸኝ በአላን በኩል ቆሞ በሁለት እጁ ይጠራዋል። በዚህኛው በኩል፣ ከግራው የኋላ ጎማ ጀርባ፣ ሶስና ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ ብላ ሣር ትነቅላለች።

እጮሃለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ሕይወቴን በሙሉ ዝም ማለት ያቃተኝ ሰው ያን ጊዜ ዝም አልኩ። እጄ ግን ተወረወረ። የመኪናውን ጎን በመዳፌ አንድ ጊዜ መታሁት።

አላን ቆመ። በጎማውና በልጅቷ መካከል አንድ እርምጃ ነበር። እኔ በእግሬ አልለካሁትም፤ ሜሮን ናት ኋላ በዓይኗ የለካችው።

አላን ፊቱ ነጭ ሆኖ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሜራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ራሱን ወቀሰ። ሜሮን ልጇን አቅፋ "ምልክቱ ነው ያምታታው፣ የእጁ ምልክት ነው" ትላለች፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም። ሁሉም ተስማማ። ትራክተሩ አለፈ፣ ነጂው ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አንስቶ አመሰገነን። ተሳፍረን ሄድን። ሶስና ብቻ ከእናቷ ጭን ላይ ሆና በእንግሊዝኛዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ አባባ ሲዞር እጄን አወዛወዝኩለት፣ አጠገቤ አለፈ፣ ግን መልሶ አላወዛወዘልኝም አለች። ሜሮን "እያሰበ ነው እናቴ" አለቻት። የገዛኸኝ ማጅራት ከፊቴ ነበር። አልተነቃነቀም።

እኔ ብሆን ያንን ምልክት የሚሉትን ሰበብ በሁለት እጄ ተቀብዬ አመሰግን ነበር። ከጉብኝቱ አንድ ሰዓት ከምናምን ይቀራል፣ ከዚያ ወደ ቤት፣ ከዚያ ወደ ኮሎምበስ። ማንም አላወቀም። በልቤ ይለፈን፣ ኋላ ሁለታችን እንነጋገራለን እያልኩ ነበር።

አላን ኮረብታ ጫፍ ላይ አቆመን። ከታች ረጅም ሐይቅ፣ ማዶ ደመና የተቀመጠበት ተራራ። ከዚህ የተሻለ እይታ የለም አለ። ገዛኸኝ ወርዶ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ከልጁ ፊት ለፊት ቆመ።

"ሜሮን፣ ምልክቴ አይደለም" አላት። "ዞሬ ነበር። በአጠገቧ አልፌያለሁ። አላየኋትም።"

ሜሮን ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። ቀስ ብሎ ነገራት፣ እንደ ሐኪሙ ወረቀት አጭር አድርጎ፤ ግላኮማው፣ ቧንቧው፣ ዓመት የሆነው ክልከላ። ከኪሱ የኮሎምበስ መኪናውን ቁልፍ አወጣ። ውቅያኖስ አሻግሮ ይዞት እንደመጣ እኔም አላውቅም ነበር። መዳፏ ላይ አስቀመጠው።

እሷ ቁልፉን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው። "ጋሼ ታፈሰ፣ አንተ ታውቅ ነበር?"

አዎ አልኩ።

"ልጄን ታስገባት ነበር? እዚያ መኪና ውስጥ?"

ለሁሉም ነገር ቀልድ አለኝ፣ ለዚህ አልተገኘም። ገዛኸኝ ደረሰልኝ።

"እሱን ተይው። እሱ ዓይኔ ነበር" አላት። "ሽንቱን ሊሸና ነው የጠፋው።"

ሜሮን ሳቀች፣ እየሳቀች አለቀሰች፣ ከዚያ በጣም ተቆጣች። ንዴቷ በእኔ ላይ እስከ መስከረም ቆየ፤ ይገባኛል። እሱ ግን ወደ መኪናው ሲመለስ ክንዴን ያዘና "በወጣሁበት ማርሽ ልውረድ" አለኝ። አላን ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ብስኩት አዞረልን። ረቡዕ ስለነበር፣ ቅቤ አለበት ብሎ ገዛኸኝ መለሰለት። እኔ በላሁ፤ ያን ቀን ከነበረብኝ ኃጢአት ብስኩቷ ትንሿ ነበረች።

ኮሎምበስ እንደተመለስን ማክሰኞ መጣ። እትዬ አልማዝ ይጠብቃሉ። ገዛኸኝ መኪናዬን ዞረና በተሳፋሪው በኩል ተቀመጠ። "ውስጥ ለውስጡን ተው። ሴትዮዋ ሰዓት አላቸው" አለኝ። ቱ ሰቨንቲ የሚሉትን፣ ከተማውን እንደ መቀነት የሚዞረውን ሃይዌይ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ገባሁበት። የጭነት መኪና ባለፈን ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። እትዬ አልማዝ ከኋላ "አንተ ታፈሰ፣ እኔ የመጣሁት ኩላሊቴን ልታጠብ ነው፣ ልቤን አይደለም" አሉኝ። ገዛኸኝ ግን አልሳቀም። ዝግ ባለ ድምፅ ማርሽ እንደሚያስተምር ሰው፣ አሁን ግባ፣ አሁን ልቀቅ፣ አሁን ተንፍስ እያለ አሻገረኝ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን።

ሶስናን ደግሞ በእግሩ ያደርሳት ጀመር። ትምህርት ቤቷ ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። ጎረቤቶች በመኪና እያለፉ እናድርሳችሁ ይሏቸዋል፣ አይሆንም ይላል። እሷን በቀኙ ይይዛታል፤ የቀኙ ኃላፊ እሷ ናት። መሻገሪያ ላይ ሲደርሱ ትቆምና ታያለች። አንድ ጊዜ እጁን ከጨመቀችው ይቆማል፣ ሁለት ጊዜ ከጨመቀችው ይሄዳል። ይህን እሱ ነው ያስተማራት። ዙሩንም አልተወም፤ መጨረሻ ላይ መሐሉም እየጠበበ ሲሄድ መዳፉን በመኪናዬ ቆርቆሮ ላይ እያንሸራተተ በዳሰሳ ይዞር ነበር። የመኪናዬ ጎን ላይ አሁንም ከአቧራው መካከል የጠራ መስመር አለ። ሳምንቱን ሙሉ አላጠብኩትም።

የቀብሩ ዕለት ብርድ ነበር። ፍትሐቱ አልቆ ሣጥኑን የሬሳ መኪናው ውስጥ አስገቡት፣ የኋላውን በር ዘጉ። ጥቁር ሱፍ የለበሰው ሾፌር ሊገባ ሲል አንድ ደቂቃ አልኩት። ከፊት መብራቱ ጀመርኩ። ጎማውን በጫማዬ ነካሁ፣ ከኋላ ስደርስ ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ፤ ጉልበቴ ተንቋቋ፣ ቀና ስል አንድ ወጣት ደገፈኝ። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው፣ ኮፍያውን ይዞ ጠበቀኝ። ዙሩን ስጨርስ ሶስና አጠገቤ መጥታ ቆማለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ሾፌሩ ገባ፣ ሞተሩን አስነሳ።

እጄን አንስቼ የመኪናውን ጎን በመዳፌ አንድ ጊዜ መታሁት። ሊንቀሳቀስ የነበረው መኪና ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ችግር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እኔም እጄን እዚያው ቆርቆሮው ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ።

ሶስና ኮቴን ጎተተችኝ።

"ጋሼ" አለች፣ በአማርኛ። "ሁለት ነው።"